ሙሽራና ሙሽሪት የማትይዘው መኪና

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለጂቱ ቀጄላ፤

አከም ጂርታ፣ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ጎንበስ ስትዪ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? የአሶሳ ሙቀትስ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? ባለቤትሽ ዲሪርሳ ከማስተማሩ፣ ልጆቹ ሲፈንና ናኦል ከጨዋታቸው ደህና ናቸው? እኛ እዚህ በልተን እናድራለን፣ ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ልዋሽሽ ግን አልደፈርኩም።

ለምን በስልክ አልነገረኝም እንዳትይ። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። እናታችን አዮ አጠገቤ ተቀምጣ ስጠኝ ላናግራት ትላለች፣ አፌም አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ማንጎ ሊጭን ወደ እናንተ ለሚወርደው ለጎረቤቴ ለሀሰኖ ይህን ሰጥቼዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ጂቱ፣ ገፈርሳ ያለውን የአባታችንን ቦታ፣ ባህር ዛፉንም እናታችን የምትኖርበትንም ቤት፣ በመኪና ለውጬዋለሁ።

ይኸው ወጣልኝ። ሰድበሽኝ ስትጨርሺ ቀጥዪ።

ያንቺንም ድርሻ ጨምሬ ነው። ካርታ እንዳወጣበት በላክሽልኝ ውክልና ስላንቺም ፈረምኩ። የተዋዋልኩት ከእንጨት ነጋዴው ከዱቤ ጋር፣ በሦስት ምስክር ፊት ነው። መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ናት። አዲስ ናት ማለት ይቻላል፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም ነበር። ትንሽ ናት፣ ጉልበቷ ግን ሌላ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጫት ሰውን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ሚኒባስ በአምቦ መንገድ ስነዳ የኖርኩ ሰው እንዲህ ያለ መሪ ስይዝ ልቤ ጠፋ። ለሰርግ አከራያታለሁ፣ በሁለት ጥር ራሴን እችላለሁ፣ ለአዮም ከዚያ የተሻለ ቤት እሠራላታለሁ ብዬ ነበር። ዱቤም እናትህ እስከ ሰኔ መግቢያ ቤቷ ትቆይ አለኝ። ሰኔ ሩቅ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ሙሽራና ሙሽሪት ጎን ለጎን ካልተቀመጡባት ምኑን የሙሽራ መኪና ሆነች? ይህ የገባኝ በዓቢይ ሰርግ ቀን፣ ሪባኑን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዓቢይ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አምኖኝ ነበር የተከራየኝ። የሙሽሪት ቬሎ የፊቱን ወንበር ሞልቶ ማርሹን ሸፈነው። ዓቢይ ከኋላ ጉልበቱን አገጩ ድረስ ሰብስቦ ታጠፈ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሚዜዎቹ ወርደው ከነሙሽሪት ተሸክመው አነሷት። ዓቢይ በንዴት ወጥቶ የሚዜዎቹ ሚኒባስ ውስጥ ገባ፤ ሚኒባሱም ከኋላ ቀረ። እንግዲህ ሰው ሁሉ አሰፍስፎ በሚጠብቅበት የሙሽራው ደጃፍ፣ ሙሽሪትን ከጎኔ አስቀምጬ የደረስኩት እኔ ነኝ። እልልታው ቀጥ አለ። አንዲት ባልቴት ሙሽራው ተለወጠ እንዴ ብለው ጠየቁ። እስከ ዛሬ ቡራዩ ተራ ላይ ሙሽራው እያሉ ይጠሩኛል። ከዚያ ወዲያ የተከራያት ሰው የለም።

ዱቤ እግር ላይ ወደቅኩ። የመኪናዋን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ካመጣህ ውሉን እቀድልሃለሁ፣ መኪናዋን ግን መልሼ አልወስድም አለኝ። ለካ እሱም መሸጥ አቅቶት ነው እኔን ያገኘው። እኔም ለሽያጭ አወጣኋት። ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ፤ ወጣቱ እየመጣ ተደግፏት ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ሰበታ ያለ ደላላ ሁለት ሳምንት አቆማትና አቧራ አልብሶ መለሰልኝ። ከሱሉልታ አንድ የእህል ነጋዴ ከነሚስቱ መጣ፤ ሚስቱ በሩን ከፍታ አየችና ልጆቹን የት ላስቀምጥ፣ ጆንያውንስ የት ልጫን ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሲሄዱ ውስጧ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ማክሰኞ የዱቤ ሰዎች ሜትርና ችካል ይዘው ገፈርሳ ሄዱ። አዮ መብራት ሊያስገቡልን ነው ብላ ቆሎና አሬራ አቀረበችላቸው። ከዚያ አልፋ የሜትሩን ጫፍ ይዛላቸዋለች። ማታ ስሄድ ደስ ብሏት ነገረችኝ፤ ልጆቹ ጨዋ ናቸው አለችኝ። ሞት ይሻለኛል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

በነጋታው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን ኦቦ ባይሳን አማከርኳቸው። የፈረምከው አንተ ነህና አንተን የሚሰማህ የለም አሉኝ። ውክልናው ለካርታ ብቻ ከሆነ ግን እህትህ ትክሰስ፣ ያኔ ቦታው እንዳይነካ ሊታገድ ይችላል፤ አንተ ግን ልትታሰር እንደምትችል እወቅ አሉኝ። አወቅኩ አልኳቸው።

ጂቱ፣ ክሰሽኝ። ዛሬ ነገ ሳትይ አንቺ ዘንድ ያለውን የውክልናውን ቅጂ ያዢና ተሳፍረሽ ነዪ። ሰርቆኛል በይ፤ ሰርቄሻለሁና። ወንድሜ ነው ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታለዝቢ። ዲሪርሳ ደግ ሰው ነው፣ በሽምግልና ይለቅ ይልሽ ይሆናል፤ አትስሚው። ሽማግሌ ቁጭ ብድግ ሲል ሰኔ ይገባል። እኔ ብታሰር መጠለያ አላጣም። አዮ ግን ከዚያ ቤት ወጥታ የት ትገባለች? የኔ የኪራይ ክፍል አልጋዬ ከገባባት በሩ አይከፈትም።

ዲሪርሳን ሰላም በዪልኝ፤ ፊቱን ለማየት እንደማፍር ንገሪው። ሲፈንን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ናኦል የአጎቴ መኪና እያለ ፎቶዋን ለጓደኞቹ እንደሚያሳይ ነግረሽኛል፤ ቀስ ብለሽ አጥፊበት። አዮ ለጂቱ ኮ፣ ለእኔዋ ጂቱ፣ ሰላምታ ጻፍልኝ፣ መብራት ሲገባልን ትምጣና ትየው በልልኝ ብላኛለች።

ከሳሼ እንድትሆኚ የሚለምንሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ገመቺስ ቀጄላ

ቡራዩ
ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.