ሳትነግረኝ የከፈልከው ወለድ

ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ተቆጥቼብህ ነው። አሁንም ቁጣዬ አልበረደም፤ ግን ዝምታውን ካንተ የተማርኩት መሰለኝና ጠላሁት።

ያለነው ሞጣ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ነው። የቢቸናውን ቤት ባንተ ቦታ ለተተካው አስተማሪ ለቀቅንለት። የስፌት መኪና ተከራይቼ የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። ትርንጎ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ፊደል ለይታለች። ስትጽፍ እንዳንተ ምላሷን ታወጣለች።

አርባህ በወጣ በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን ባለሱቅ እቤታችን ድረስ መጣ። ትንሽ ካጽናናኝ በኋላ፣ «ባለቤትዎ አንድ ወር እንኳ አዛንፈውብኝ አያውቁም» አለ። ግራ ሲገባኝ ደብተሩን ገልጦ አነበበልኝ። አርባ ብር ትበደራለህ፤ ደመወዝ ስትቀበል አርባ ስምንት ትከፍላለህ። የተረፈው ወሩን አያደርስህምና ተመልሰህ ያንኑ አርባ ትወስዳለህ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ።

መጀመሪያ የተበደርክበትን ወር ስሰማ ደብተሩን ተቀብዬ በዓይኔ አየሁት። ሐምሌ ነበር፤ ትርንጎን የወለድኩበት። ምጡ ጠንቶብኝ በዚያ ጭቃ እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ያስወሰድከኝ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ያስገባኸኝ ጊዜ። «ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?» ስልህ «አንቺ ብቻ ትረፊልኝ» ነበር ያልከኝ።

ይኸው ተርፌያለሁ። ከዚያ በኋላስ መንገር ምን ከበደህ? ጫማህ አፉን ከፍቶ ለማስተማር ስትሄድ እያየሁ «ደመወዝህ የት ነው የሚገባው?» እያልኩ ስጨቀጭቅህ ኖርኩ። ጠጅ ቤት ነው ብዬ ጠረጠርኩህ። አንዴማ ሌላ ሴት ይዘሃል አልኩህ። ሳቅ ብለህ የተማሪዎችህን ደብተር ማረም ቀጠልክ። ያን ሳቅህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቴ የሰጠችኝ የወርቅ ጉትቻ ያን ጊዜ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ባለሱቁ በመጣ ማግስት ሸጥኩትና የመጨረሻውን አርባ ብር ከነወለዱ ከፈልኩት። አንድ ጠዋት ብቻ ነው የፈጀብኝ፣ ጌትዬ። አራት ዓመት የተሸከምከውን ነገር ሁለት ሆነን ብንመክርበት በአንድ ጠዋት ይራገፍ ነበር።

አሁን የስፌት ገንዘብ እጄ ሲገባ አስቀድሜ የመኪናውን ኪራይና የእህሉን ለይቼ አስቀምጣለሁ። ለክረምቱም፣ ሥራ ለሚጠፋበት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ እይዛለሁ። ሲጎድልብኝ ለእህቴ ሳላፍር እነግራታለሁ። አበዳሪ ደጅ አልሄድኩም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሚስት፣ ባሏ ሳያውቅ በወለድ ልትበደር መሆኑን አጫወተችኝ። የኛን ታሪክ ስምህን ጠርቼ ነገርኳት። «መጀመሪያ ለሱ ንገሪው» ብዬ ወደ ቤቷ መለስኳት። ባልና ሚስት ሲመክሩ አምሽተው በማግስቱ አንድ ጥጃ ሸጡ። ምስጢርህን አውጥቼብሃለሁና ከፈለግህ አንተም ተቆጣኝ።

ትርንጎ ነፍስ ስታውቅ፣ አባቷ እሷንና እኔን ለማትረፍ እንደተበደረ እነግራታለሁ። ብቻውን ሲከፍል እንደኖረና እኔም በከንቱ እንደጠረጠርኩትም አልደብቃትም። እስካለሁ ድረስ፣ ጌትዬ፣ ከዚህ ምንም ሳልቀንስ አስታውስሃለሁ።

የሺ