የውሃ አባቱም፣ አስተዳዳሪውም፣ ዳኛውም አንድ ሰው ስለሆኑበት ቀበሌ

ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
ወረታ

መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በዋርካ ሜዳ ቀበሌ የተመሠረተው የመስኖ ውሃ ክስ ከቀበሌው አስተዳዳሪ እጅ ወጥቶ በሌላ ዳኛ እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣

1. እኔ አመልካች መምህር ሰውመሆን ደሞዝ እባላለሁ። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ፎገራ የመጣሁት በምደባ ሲሆን እዚሁ አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ ቀርቻለሁ። በዋርካ ሜዳ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት አስተምራለሁ፤ ወይም እስካለፈው ወር ድረስ አስተምር ነበር። ለክቡርነትዎ ለመጻፍ የተገደድሁት፣ ቀደም ሲል ለሌላ ቢሮ አመልክቼ ያገኘሁት መልስ ጉዳዩን ስላባሰው ነው።

2. ቀበሌያችን በጋውን የሚያልፈው ከጉማራ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ነው። ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርት ይመረትበታል። ቦዩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጥቅምት ላይ ገበሬው ሁሉ ቦዩን ለመጥረግ ሲወጣ እዚያው ተሰብስቦ የዓመቱን ደንብ ይወስናል፤ የውሃ አባትም ይመርጣል። የውሃ አባቱ ሥራ በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ ተራውን መስጠት ብቻ ነው። ተራዬን ተነጠቅሁ የሚል ሰው ከመጣ እሱ አይፈርድም፤ ለዚያ የተመረጡ ሽማግሌዎች አሉ። ጥፋተኛው የውሃ አባቱ ራሱ ከሆነም ይቀጡታል። አቶ አለምነህ የሚባሉ አዛውንት በዚህ ሥርዓት ለብዙ ዓመት እየተመረጡ ሲያገለግሉ፣ ተራ አልጠብቅም ባለው በገዛ ልጃቸው ላይ ውሃ ሲዘጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

3. ባለፈው ጥቅምት የቀበሌያችን አስተዳዳሪ አቶ መንግሥቴ ቦዩ ወደ ዘመናዊ አሠራር ይገባል ብለው ስብሰባውን አስቀሩት። አቶ አለምነህን አሰናበቱ፤ ሽማግሌዎቹም አያስፈልጉም አሉ። ሌላ ሰው እስኪመደብ ድረስ የውሃ አባትነቱን ራሳቸው ያዙት። የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሥራ አግኝቶ ወደ ባሕር ዳር ከሄደ ወዲህ ደግሞ የዳኝነቱን ወንበር በተጠባባቂነት የያዙት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ለጊዜው ነው ብሎ ዝም አለ።

4. ጥር ላይ ስለ መንግሥት ዓይነቶች የሚናገረው ምዕራፍ ደረሰ። ንጉሥ ብቻውን የሚያዝበትን፣ ጥቂቶች የሚያዙበትን፣ ሕዝብ በመረጣቸው ሰዎች የሚተዳደርበትን አስተማርሁ፤ አሃዳዊና ፌዴራላዊ የሚባሉትን ለየሁ። ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ሕግ ተርጓሚው ለምን እንደሚለያዩ ስገልጽ ግን የተማሪዎቹ ዓይን ፈዘዘ፤ መጽሐፉ የሚሰጠው ምሳሌ የሩቅ አገር ነው። ስለዚህ ከሚያውቁት ነገር ምሳሌ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ጽጌሬዳ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ ስለ ቦዩ ተናገረች። ደንቡን የሚያወጣው ስብሰባው፣ የሚያስፈጽመው የውሃ አባቱ፣ የሚዳኙት ሽማግሌዎቹ እንደነበሩ አንድ በአንድ አስረዳች። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ጥርት ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። አሁንስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«አሁንማ ሦስቱም ጋሼ መንግሥቴ ናቸው» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

5. ሳቁ በዚያው ሳምንት አስተዳዳሪው ጆሮ ገባ። የጽጌሬዳ እናት ወ/ሮ ባየች ባላቸው የሞተባቸው፣ በቦዩ ጫፍ ባለች ቁራሽ መሬት ሽንኩርት ተክለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ቀጣዩ ተራቸው ሲደርስ ውሃው ማሳቸው ጋ ሳይገባ ተዘጋ። ወደ ውሃ አባቱ ወደ አቶ መንግሥቴ ሄዱ፤ ቅሬታ ያለው ቀበሌ ይቅረብ አሏቸው። ቀበሌ ሄዱ፤ እዚያም ያገኙት አቶ መንግሥቴን ነው፤ የውሃ ክርክር የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው ተባሉ። በችሎት ቀን ሲቀርቡ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አቶ መንግሥቴ ነበሩ።

በዚያ ቀን አብሬያቸው ነበርሁ። ወ/ሮ ባየች ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና በደላቸውን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር አድርገው ተናገሩ። አቶ መንግሥቴ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያም «ልጅሽን ያስተማራት ይፍረድልሽ» አሉና ሌላ ባለጉዳይ ጠሩ።

ስንመለስ ወ/ሮ ባየች ማሳቸው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የሽንኩርቱን ቅጠል ዳሰሱ። የወቀሳ ቃል ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

6. ሽንኩርቱ መጠውለግ ሲጀምር ፈቃድ ጠይቄ ወረታ ወጣሁ። አንዱ ቢሮ ሥልጣኑ የእኛ አይደለም ብሎ ወደ ሁለተኛው ላከኝ፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ ሦስተኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ማመልከቻዬን ተቀበሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ማመልከቻው ግን «ለአስተያየት» ተብሎ የተላከው ለአቶ መንግሥቴ ነው፤ እሳቸውም በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆመው አነበቡት። ሥልጣን የሚከፋፈለው አንዱ አንዱን እንዲቆጣጠር ነው ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። እኔ ያየሁት ክፍፍል ግን እያንዳንዱ ቢሮ አይመለከተኝም ለማለት የሚጠቀምበት ነው።

ከስብሰባው በኋላ ርእሰ መምህራችን አቶ በላይነህ ቢሯቸው አስጠርተው፣ ለአንተው ብዬ ነው እያሉ ሥነ ዜጋውን ወስደው ስፖርት ሰጡኝ። እሳቸውም የሚያሳድጉት ልጅ አላቸው ብዬ ለባለቤቴ ለሰርክ ነገርኋት። «እኛም እኮ አለን» አለችኝ።

7. የካቲት ማብቂያ ላይ የወ/ሮ ባየች ሽንኩርት ግማሹ ደረቀ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ አለምነህ በቦዩ ጫፍ የሚያርሱትን ጎረቤቶች ሰብስበው ከየተራችን ጥቂት ጥቂት ውሃ እንስጣት አሏቸው። ሦስት ገበሬዎች እሺ አሉ። የሰጡት የራሳቸውን ነው፤ የሌላ ሰው ተራ አልነኩም። ማሳው ጠጣ፤ ያልደረቀው ሽንኩርት ቀና አለ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ አለምነህና ሦስቱ ገበሬዎች ያለ ፈቃድ ውሃ ጠልፋችኋል የሚል መጥሪያ ደረሳቸው። ከሳሹ የውሃ አባቱ ናቸው። ክሱን ተቀብለው ወደ ችሎት የመሩት አስተዳዳሪው ናቸው። ችሎቱን የሚያስችሉት ተጠባባቂ ዳኛው ናቸው። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው። አቶ አለምነህን ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ ዘንጋቸውን ይዘው ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«መታሰሩስ ግድ የለኝም» አሉኝ። «ግን ሐሙስ ቆሜ የምናገረው ለማን ነው?»

ይህን ማመልከቻ መጻፍ የጀመርሁት በዚያው ማታ ነው።

8. ስለዚህ በሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤታችን፣

ሀ. ከሐሙሱ ቀጠሮ በፊት በክሱ ውስጥ እጁ የሌለበት ዳኛ እንዲያስመድብልን፤

ለ. የቦዩ ተጠቃሚዎች ተሰብስበው የውሃ አባታቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ እንዲያደርግልን፤ ከፈለጉ አቶ መንግሥቴንም ይምረጡ፤ ነገር ግን ይምረጡ፤

ሐ. ይህ ማመልከቻ ለአስተያየት ወደ ቀበሌያችን እንዳይላክ

በትሕትና አመለክታለሁ። ሥነ ዜጋው እንዲመለስልኝ አልጠይቅም። ተማሪዎቹ የተማሩትን ተምረዋል።

9. አንድ ነገር ይቀራል። በዚያች እሑድ አካፋ ይዘው ውሃውን ወደ ወ/ሮ ባየች ማሳ ከመለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ያደረግሁት በቀን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ አቶ መንግሥቴም ድልድዩ ላይ ቆመው አይተውኛል። መጥሪያ ግን አልደረሰኝም። ለምን ብዬ የቀበሌውን ጸሐፊ ስጠይቀው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ያለበት ክስ ወረታ ወዳለው ፍርድ ቤት እንደሚላክ፣ አስተዳዳሪውም ስሜን በራሳቸው እጅ እንደሰረዙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

እንዲህ ከሆነ መንገዱ ተገኝቷል። ስሜ ከአቶ አለምነህ ስም ቀጥሎ በተከሳሽነት እንዲገባና ክሱ እንዳለ ወደ ወረታ እንዲመጣ እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ። ተጻፈም አልተጻፈም፣ ሐሙስ ጠዋት ከተከሳሾቹ ጎን እቆማለሁ።

ሐሙስ ሳይደርስ መልስዎን እየጠበቅሁ፣
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

መምህር ሰውመሆን ደሞዝ
(ፊርማ)
ዋርካ ሜዳ