ጎን ለጎን የሣልካቸው ሁለት አለቆች

ከቀድሞዋ እጮኛህ
ለቀድሞው እጮኛዬ፣ ኦክላንድ

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፍንህ ደረትህስ ዘንድሮ ተሻለው? እናትህን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አያቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው፤ ድምፃቸውማ እንደሆነ አሁንም ከመዘምራኑ ሁሉ በላይ ነው። ሰላም አይሉኝም፤ ዘንድሮ ግን ፊታቸውን የሚያዞሩት ከድሮው ቀስ ብለው ነው። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያው አፒያ ከተማ ቢሮ ገብቼ ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ በአውቶቡስ ወደ መንደር እመለሳለሁ፣ ማታ ከአባዬ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ደብዳቤዬን ስታይ ሰው የሞተ እንዳይመስልህ። ማንም አልሞተም። ፊርማዬን ለምን ከላይ እንዳደረግኩት ደግሞ መጨረሻ ላይ ትደርስበታለህ፤ ዘለህ እንዳታየው። በኢሜይል ያልጻፍኩልህ ስለማውቅህ ነው፤ አንተ ለኢሜይል የምትመልሰው አንዲት የተቀሰረች አውራ ጣት ነው። ይህችን የፓስተሩ ባለቤት በእጃቸው ይሰጡሃል። መልስ ሳይቀበሉ ከቤትህ አይወጡም፤ ሲቀመጡ እንዴት እንደሚቀመጡ ታውቃቸዋለህ።

የምጽፍልህ ስለ ሥዕልህ ነው።

ፓስተራችን ለቤተ ክርስቲያናችን መቶኛ ዓመት የመንደሩ ድረ ገጽ ይሠራ ብለው ንድፉን ለአንተ፣ ሥራውን ለእኔ ሲሰጡ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ለሁለታችንም አልነገሩንም። ፋይሉ ላይ ስምህ አልነበረም። ግን ገና ስከፍተው አወቅኩህ። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በፈዛዛ ሰማያዊ ባሕር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከአንተ ሌላ የት ይገኛል? ሽማግሌዎቻችን መነጽራቸውን ሁለት ሁለት ቢደርቡም አያነቡትም። አርእስቱንም ፊደል ማድረግ ሲገባህ ሥዕል አድርገህ ልከኸዋል። ፊደል የሆነ ነገር በፊደል ይጻፍ፣ ሥዕል ውስጥ የተቀበረ ቃል ማሽንም አያነበውም ብዬ አፌ እስኪደርቅ የነገርኩህ ሴትዮ እኔ አይደለሁም? ቀለሙን አጠቆርኩት፣ አርእስቱን እንደገና ጻፍኩት፣ እየሠራሁም እንደ ድሮው ብቻዬን ስሰድብህ ዋልኩ።

ሆኖም አልዋሽህም፣ ያምራል። በተለይ ሁለቱ ክቦች። የላይ ሰፈሩ አለቃችን ቶአሉፔ በአንዱ ክብ፣ የታች ሰፈሩ አለቃችሁ ሌፉአማይ በሌላው፣ ጎን ለጎን። ለካኋቸው፤ በአንዲት ነጥብ እንኳ አይበላለጡም። የማን ስም ይቅደም በሚል ሁለቱ ሰፈሮች ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲነታረኩ ኖረው፣ አንተ ማንንም ሳታስቀይም በአንድ ሥዕል ተገላገልክ። ድሮም እንዲህ ነህ። የሠርጋችንን ካርድ እንዲሁ ነበር የሣልከው፤ የእኔ ቤተሰብና ያንተ ቤተሰብ ጎን ለጎን። ያም ያምር ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱ ጠባብ ነው ተብሎ የእኛን ስም ከላይ፣ የእናንተን ከታች አድርጎ እስኪያወጣው ድረስ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ። እናቶቻችን ሲሰዳደቡ አንተ መሬት መሬት እያየህ ቆምክ፤ በወሩ ኦክላንድ ነበርክ።

ለማንኛውም፣ በመንደራችን ኮምፒውተር ያለው ፓስተሩ ቤት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሚያየው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ጠባብ ነው። በሰፊው ጎን ለጎን የተቀመጠው ሁሉ በስልክ ሲሆን አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ይሆናል። ለስልክ የሚሆን ሥዕል አልላክህልኝም። ችግሩን ለእኔ ጥለህልኝ ሄድክ፣ እንደ ልማድህ።

መጀመሪያ ክቦቹን አሳንሼ በስልክም ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ለቶአሉፔ ወስጄ አሳየኋቸው። መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝኑ ሰው መሆናቸውን አትርሳ። ስልኩን ተቀብለው አዩት፣ ከዚያ ቆሻሻ መስሏቸው በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። እሳቸው መሆናቸውን ስነግራቸው ስልኩን መለሱልኝ።

ሁለተኛ ዘዴ ፈጠርኩ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ዕጣ እንዲጣል አደረግኩ፤ አንዴ ቶአሉፔ ከላይ፣ አንዴ ሌፉአማይ ከላይ። ፓስተሩ ዕጣ የእግዚአብሔር ነው ብለው ባረኩት። ለአንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ሰላም ያልኩህ እንግዲህ የሁለቱ ሰፈር ጎረምሶች የባሕሩ ግንብ ላይ ተቀምጠው የራሳቸው አለቃ ከላይ እስኪወጣ ገጹን ሲከፍቱ ሲዘጉ መዋላቸውን ነው። ሲወጣላቸው ስልኩን ለሌላኛው ወገን አፍንጫ ያስጠጋሉ። ቢሆንም ዱላ አልተማዘዙም፣ እኔም በብልሃቴ ልቤ አብጦ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ፋሌኒኮ ገጹን ልስማው አሉ።

ፋሌኒኮን ታስታውሳለህ፤ የመንደሩን የማዕረግ ስሞች በሙሉ በቃላቸው የያዙት፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት ያለፋቸው። የልጅ ልጃቸው የሚያነብ ስልክ ገዝታላቸዋለች። ስልኩ ስማችንን እንደ ድሮ ሚስዮናዊ እያጣመመ ያነባል፣ እሳቸው እየሳቁ ያርሙታል። ገጻችንን አስከፍተው ሰሙ። ቶአሉፔ ቀደሙ። እንደገና ሰሙ፤ ቶአሉፔ። አሥራ አንድ ጊዜ ሰሙት፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ቶአሉፔ። ከዚያ ላኩብኝ።

አንተ ይህን ሥራ በሥዕል በኩል ብቻ ስለምታውቀው ላስረዳህ። ገጽ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከላይ ወደ ታች በተራ የተጻፈው ጽሑፍ ነው። ሌላው ልብሱ ነው፤ ቀለሙ፣ ክቡ፣ የሚቀመጥበት ቦታ። ዕጣውን የጣልኩት በልብሱ ላይ ነበር። ከልብሱ ሥር ግን ተራው አይለወጥም፤ እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ የእኛ ሰፈር አለቃ ነበር የሚቀድመው። የሙያችን ደንብ ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው ተራ አንድ ይሁን ይላል። ቢሮ ውስጥ ይህን ደንብ ለአዳዲሶቹ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳላስበው ሆነ ብልህ አታምነኝም፣ ደግሞም አትመነኝ። ማንም አያየውም ብዬ ነው።

ፋሌኒኮ ምንጣፋቸው ላይ አስቀመጡኝና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይህ ስልክ የተወለደው ላይ ሰፈር ነው እንዴ?»

ማሽን ነው፣ የማሽን ነገር አንዳንዴ እንዲህ ነው ብዬ ጀመርኩ።

«ማሽኑን ተዪው። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«በይ እንግዲህ፣ ዓይን ያለውን ሁሉ ሸውደሽ ሽማግሌው ዕውር ያዘሽ» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም እፎይ ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ሲጨርሱ ግን ነገሩን ለመንደሩ ሸንጎ መንገር እንዳለባቸው ነገሩኝ፤ ነገሩም።

ቅዳሜ ጠዋት አለቆቹና አፈ ጉባኤዎቹ ሁሉ መሰብሰቢያው ቤት ተቀመጡ። የተጠየቀው ቅጣት አምስት ትልልቅ አሳማና ሃምሳ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ነበር፤ ተቀጪው እኔ ሳልሆን አባዬ። ቅጣቱ ግን አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ታች ሰፈር በመቶኛው ዓመት በዓል ላይ አንቀመጥም፣ አንዘምርም ማለቱ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሁሉ የእናንተ ሰዎች ናቸው። መቶ ዓመት የጠበቅነውን ቀን ግማሽ መንደር ሆነን፣ በቀጭን ድምፅ ብቻ እያቃጨልን ልናከብረው ነው፣ ያም በእኔ እጅ። አባዬ አፈ ጉባኤ ስለሆነ የዝንብ መከላከያ ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ለቤታችን ሊናገር ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ የመፍትሔ ሐሳብ መጣ። አንዱ ወጣት አለቃ፣ የመሰብሰቢያ ቤታችን ክብ ነው፣ ሁሉም የየራሱ ምሰሶ አለው፣ ማንም ራስጌ ማንም ግርጌ አይደለም፤ ስልኩንስ ክብ ማድረግ አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከልቡ ነው። አይቻልም አልኩ። አባዬ ደግሞ ስልክ ሲጋደም ሰፊ እንደሚሆን አስታወሰና፣ የመንደሩን ገጽ የሚያይ ሁሉ ስልኩን አጋድሞ እንዲያይ፣ አቁሞ የተገኘም እንዲቀጣ ይደንገግ አለ። ብታምንም ባታምንም ሊጸድቅ ነበር። ይሄኔ ፋሌኒኮ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔስ? ጆሮዬን ላጋድም?» አሉ። ሐሳቡ ወደቀ።

ፋሌኒኮ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ሸንጎ የሚከፈትበት መጠጥ፣ አቫው፣ ጠዋት ተጠጥቶ ሳህኑ ገና መሐል ላይ ነበር።

«የመጀመሪያውን ጽዋ ዛሬ ማን ጠጣ?» አሉ።

ቶአሉፔ፣ ተባሉ።

«የመጨረሻውንስ?»

ሌፉአማይ፣ ተባሉ።

«ሌፉአማይ፣ ትራፊ ጠጣሁ ብለው ተቀይመዋል?»

ሌፉአማይ ጥያቄው ራሱ አስቆጣቸው። የመጨረሻው ጽዋ የሚዘጋው ሰው ጽዋ እንደሆነ፣ ከእሱ በኋላ ማንም እንደማያነሳ ሕፃን ያውቃል አሉ። ፋሌኒኮም ፊታቸውን ወደ እኔ አቅጣጫ መልሰው የገጹ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ዓመተ ምሕረቱና የሠራነው ሰዎች ስም፣ የአንተና የእኔ፣ አልኩ።

ሌፉአማይ ጭራቸውን ወደ ሌላኛው ትከሻ አዛወሩ። «እነዚህ ይነሱ። ከእኔ በታች ማንም እንዳይኖር።»

እንግዲህ ይኸው ነው። ክቦችህን ለያየኋቸው፣ ስማችንንም ፋቅኩት። ቶአሉፔ ከላይ ይከፍታሉ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መዘምራኑ፣ የክሪኬት ቡድኑ ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ ሌፉአማይ ብቻቸውን፣ ትልቅ ሆነው ይዘጋሉ። ከእሳቸው በኋላ ነጥብ እንኳ የለም። ከሥር የተጻፈበት ተራና ከላይ የሚታየው ተራ አንድ ነው። ገጽ በሚፈትሸው መመርመሪያ ፕሮግራም ውስጥ አሳለፍኩትና ምንም ስህተት የለም ብሎ በአረንጓዴ መለሰልኝ። ፋሌኒኮም በጆሯቸው መርምረው አሳለፉኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራሁት የእሳቸውን ነበር። አሁን የእኛ ሰፈር ሰዎች እስከ ታች የሚወርድ ማን አለ ይላሉ። የእናንተዎቹ ደግሞ ከላይ አይቶ የሚመለሰው መንገደኛ ነው፣ ቁም ነገረኛ ሰው እስከ መጨረሻው ይደርሳል ይላሉ። ሁሉም ደስ ብሎታል። ቅጣቱም ወደ አንዲት አሳማ ወረደና በበዓሉ ቀን አብረን በላናት።

በዓሉ ባለፈው እሑድ ነበር። ታች ሰፈር በሙሉ ዘመረ። እንዳለቀስኩ ለማንም እንዳትናገር።

ምሳ ላይ እናትህ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ በአራት ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ። ጎደሬዬን እያኘክሁ ነበር። ከሥር የተጻፈውን ነገር ፋሌኒኮ እንዳጫወቷቸው ነገሩኝ። ከዚያ «ለመሆኑ ያንን ካርድ ያተመው ማተሚያ ቤት አሁንም አለ?» አሉኝ።

ተዘግቷል አልኳቸው።

«እሰይ፤ እንግዲህ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም» አሉና የዓሣውን ጭንቅላት አንስተው ሳህኔ ላይ አደረጉልኝ። በእናንተ ቤት የዓሣ ጭንቅላት ለሚወደድ የቤት ሰው ብቻ እንደሚሰጥ አንተ ታውቃለህ።

ስለዚህ እንድታውቀው ያህል፣ ያ ማተሚያ ቤት ሰፊ ወረቀትም ነበረው፤ ጠባቡን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ መሬት መሬት አየህ ብዬ ስከስህ ኖርኩ። አንተ ጎን ለጎን ሥለህ ነበር፣ ጥፋትህ እሱ ብቻ ነው። ይቆጨኛል። ናፍቀኸኛልም።

እንግዲህ እግዚአብሔር ደረትህን ያሙቅልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ግራጫ ቀለምን ከዓይንህ ያርቅልህ። እናትህን እስክትመጣ እኔ አያቸዋለሁ፤ አሁን ፊታቸውን አያዞሩም።

ፊርማዬን ከላይ ያደረግኩት አንዳችን መክፈት ስለነበረብን ነው። ከዚህ በታች የቀረውን ወረቀት የፓስተሩ ባለቤት ሻያቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ሙላበት። ከአንተ በኋላ ማንም አይጽፍበትም።