ከምናለ ማሳ የወሰድኩት አፈር

ሰኞ፣ ጥቅምት ፫

ዛሬም አራት እግር አዝሙድ ተኝቶ አገኘሁ። ትናንት ሁለት ነበር። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ፀሐይ ሲበረታ አንገቱን ይደፋል፣ ውሃ ባጠጣውም አይነሳም። ስስበው ያለ ትግል እጄ ላይ ይቀራል።

ሩዙ ደህና ነው፣ ታች ሜዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ማጭድ እየጠበቀ ነው። ሩዝ ግን ማንም አለው። እኔን የጨነቀኝ ከቤቴ ጀርባ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት ቁራሽ መሬት ነው፤ የውባለም ጥቁር አዝሙድ ያለበት። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ዘሩ ከእናቷ የመጣ ነው። ጉንፋን የያዘው፣ ሆዱ የተነፋው፣ ራሱን የሚያመው ሁሉ ከወረታ ድረስ እየመጣ "የውባለምን አዝሙድ" ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ዛሬ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ በደጄ አልፋ ወደ ጎረቤቴ ወደ ምናለ ሄደች። ስትመለስ ጠየቅኋት። "የምናለን አዝሙድ ፈልጌ ነው፤ ፍቱን ነው አሉኝ" አለች።

የምናለን! ውባለም ያን ዘር በሞተችበት ዓመት በገዛ እጇ በጣሳ ሰፍራ ሰጠችው እንጂ! ማሳችንን የሚለየው አንድ ድንበር ነው። የሚዘንብብን አንድ ዝናብ ነው። የእሱ ጉልበት ደርሶ፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ ንብ ይተራመስበታል። ከእኔ ለዘር የሚሆን እንኳ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬

የአፈር ባለሙያ የተባለች ወጣት ሴት መጣች። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ ለግብርና ሠራተኛው አቤት ብዬ ነበር። አንዱን እግር ነቅላ ሥሩን በምላጭ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቡናማ ሆኗል። አሸተተችው፤ እኔንም አስሸተተችኝ። የረጠበ ጆንያ ይሸታል።

"እዚሁ ቦታ ላይ ስንት ዓመት ዘሩ?" አለችኝ።

"ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ፣ አንድም ዓመት ሳላስታጉል" አልኳት፣ ኩራት ብጤ እየተሰማኝ። መጨረሻ የዘራችው እዚህ ነበርና።

ልጅቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ በእፍኟ አፈር ዘግና አስረዳችኝ። በዚች እፍኝ ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ ቁጥር የሌለው ሕይወት አለ። ደቂቅ ዘአካላት ይባላሉ አለች። ቃሉ ከቅዳሴ የወጣ ይመስላል። አዝሙዱ በሥሩ በኩል አፈሩን ይቀልባል። በየዓመቱ ያው አንድ ተክል ብቻ ከተዘራ፣ ያንን ሥር የሚበሉት ይበዛሉ፣ ሥሩን የሚጠብቁት ደግሞ እየሳሱ ይሄዳሉ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠላቱን ስቀልብ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ከእኔ አፈር ለምርመራ በላስቲክ ቋጠረች፤ ቀጥላ ከምናለ ማሳም ወሰደች። በጣቷ ፈርፈር አድርጋ፣ "የእሳቸው አፈር ሕያው ነው" አለች።

ሕያው! የእኔስ ምንድን ነው? አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፭፣ አቦ

ይህን ለመጻፍ እጄ ከበደኝ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከፊቴ ምናለ ቆሟል፣ ሚስቱ የፈተለችለትን አዲስ ጋቢ ለብሶ። ጸሎቴን ትቼ የጋቢውን ጥለት ሳይ ቆየሁ። ስንወጣ በሰው መካከል ጮክ ብሎ፣ "አያ ካሴ፣ አፈርህን ሐኪም ቤት አስተኙት አሉ! ጠያቂ ይገባል?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እሱና ቤተሰቡ ዝክር ተጠርተው ሄዱ። እኔ ግን ዶማዬንና አንድ ከረጢት ይዤ ድንበሩን ተሻገርኩ። በጠራራ ፀሐይ! ሳር እንኳ በማይታጨድበት ቀን፣ ከምናለ ማሳ ጠርዝ ላይ ሕያው የተባለውን አፈር ቆፍሬ ከረጢቴን ሞላሁ። አምጥቼ በእኔ አዝሙድ ሥር አለበስኩት።

ስጨርስ ደስ አለኝ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፮

ጠዋት ሙሉ ራሴን ስሞግት አረፈድኩ። አፈር ነው፣ እህል አይደለም። ከጠርዝ ነው፣ ከመሐል አይደለም። ዘሩ የሚስቴ ነው። አፈሩም የእግዚአብሔር ነው።

ከምሳ በኋላ ልጅቱ ደወለች። ውጤቱ ገና ነው፤ "ግን አንድ ነገር ሳልነግርዎ ሄድኩ" አለች። "ዶማዎን ሳያጥቡ ሌላ ማሳ እንዳይገቡ። በሽታው በመሣሪያ ይሄዳል፤ በጫማ ላይ ያለ ጭቃም ይበቃዋል። በተለይ የአቶ ምናለን ማሳ እንዳይረግጡ አደራዎን።"

"እሺ" አልኩ።

ዶማውን አየሁት። የእኔ ጭቃ ደርቆበታል።

አገር ላይ የቀረው የውባለም ዘር ያ የምናለ ማሳ ብቻ ነው። እሱንም ሄጄ መረዝኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፯

ከድንበሩ ወዲህ ቆሜ አየሁ። በቆፈርኩበት ጠርዝ ላይ ሦስት እግር አንገቱን ደፍቷል። ከቁፋሮዬ ይሁን ከበሽታው እንጃ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

"መቶ ስግደት ይስጡኝ አባ" አልኳቸው።

"ስግደቱስ ለአንተ ወገብ ነው፤ ለምናለ አዝሙድ ምን ይሠራለታል?"

"ሁለት መቶ ያድርጉት።"

"ካሴ፣ አትከራከረኝ። ለእኔ ነገርከኝ። የቀረህ እሱ ነው። ሳይብስበት ሂድ።"

አልሄድኩም። እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ። ውስጥ ከሚስቱ ጋር እየተሳሳቁ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፰

ነገርኩት።

አጥሩን ሲጠግን አገኘሁት። ቆሜ ሁሉንም አወራሁ፣ የአቦን ቀንም ጭምር። እንጨቱን መሬት ጣለው።

"አፈር? አያ ካሴ፣ አፈር ሰረቅኸኝ?"

"አዎ።"

"ብትጠይቀኝ በጋሪ አልጭንልህም ነበር? እንዴት ያለህ ሰው ነህ አንተየ!"

ከዚያ በሽታው ወደ ማሳው ተሻግሮ ሊሆን እንደሚችል ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጠርዙ ሄደ። የደፉትን ሦስቱን፣ በዙሪያቸው ያሉትን ጤነኞችም አሥራ አንድ እግር ከነአፈራቸው አነሳ። አበባቸው ላይ ንብ ነበር። እሳት ለኮሰባቸው። ጢሱ እንደ መድኃኒቱ ሸተተ። እኔ ከድንበሩ ወዲህ እንድቆም አዘዘኝ፤ ቆምኩ።

ሲጨርስ፣ "ውባለም አልነገረችህም?" አለኝ።

"ምኑን?"

"አዝሙድ ተነስቶ የሄደበት ቦታ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይመለስ፣ በመሐሉ ሽንብራ ወይ ጓያ እንዲዘራ። ዘሩን ስትሰጠኝ አስምላኛለች እኮ።"

ለእሱ መሐላ፣ ለእኔ ግን አንድ ቃል የለም? "ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?" አልኩት፣ እንደ ልጅ።

"አንተ የሩዝ ሰው ነሃ! 'ካሴ ያርስልኛል እንጂ አይሰማኝም' ትል ነበር።"

ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ነግራኛለች። በየዓመቱ "ዘንድሮ እዚያ ጋ እረስልኝ" ትለኝ ነበር። እኔም በሬዎቼን እየነዳሁ "ይህች ሴት አንድ ቦታ አትረጋም" እያልኩ እስቅ ነበር። አንድም ጊዜ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ከሞተች በኋላ ደግሞ የመጨረሻ ቦታዋን እንደ መቃብሯ ጠበቅሁት። ፍቅር መስሎኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት ፱

ከቅዳሴ መልስ ለልጅቱ ደወልኩ። ማቃጠሉ ጥሩ ነው አለች። ሆኖም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተረፈ ማለት አይቻልም። የእኔን ነገ እነቅለዋለሁ፤ ሁሉንም። መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽንብራ እዘራበታለሁ፣ ከሰኔ በኋላም ሌላ ነገር። ለአዝሙዱ ከበረቱ በላይ ያለውን ጠፍ መሬት አስቤያለሁ። ዘሩን ከምናለ መለመን ሊኖርብኝ ነው፣ የእሱ ከተረፈ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልለቀቀኝም። ዛሬም ጋቢውን አይቻለሁ። ከሁሉ የሚብሰኝ ውባለም የነገረችውን እሱ መስማቱ ነው።

አመሻሽ ላይ ምናለ ከድንበሩ ማዶ ተጣራ።

"አያ ካሴ! ና እስቲ፣ አብረን እንያቸው። የአንተ ዓይን ከእኔ ይሻላል።"

"ልምጣ?"

"ና! ግን እግርህን ታጠብ፣ ጫማህንም እዚያው ተው!"

ደጄ ላይ ተቀምጬ በሳሙና እስከ ጉልበቴ ታጠብኩ። ጥፍሬን ሳይቀር በእንጨት ጠረግሁ። ከዚያ በባዶ እግሬ ተሻገርኩና ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎንበስ ብለን አየን። ዛሬ የደፋ የለም።