ጌትነት የመኪናህን ማርሚታ ሊቀይር ነው

ይድረስ ለአላምረው፣ ለቤቴ አባወራ፤

«እንደምን ሰነበትህ» ብዬ አልጀምርም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የእኔን ወሬ ልንገርህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ጤፉም ታጭዶ ተከመረ፤ ለሙት ዓመትህ ጌሾ እየተወቀጠ ነው። ደጃፍ ላይ የተከልሃት አቮካዶ ዘንድሮ ፍሬ ያዘች። እህትህ ትርንጎ አሁንም ሳትጠራ ትመጣለች፣ ሳትጠየቅ ትመክራለች። እኔም እንደተውኸኝ ነኝ፤ ጥላዬን ሳይቀር እጠረጥራለሁ።

ዛሬ ያስጻፈኝ የመኪናህ ነገር ነው። ዕድሜህን ሙሉ የቡሬን በርበሬና በቆሎ በጭነት መኪና ስታግዝ ኖረህ፣ በስተርጅናህ ያቺን ዝቅ ያለች የጀርመን መኪና ይዘህ ስትገባ የፍኖተ ሰላም ሰው «አላምረው፣ እህል ልትጭንባት ነው ወይስ ሙሽራ?» ብሎ የሳቀብህን ታስታውሳለህ? እኔም ስቄብሃለሁ። ለሽቅድድም የተሠራች መኪና ገዝተህ እንደ በቅሎ በእርጋታ ነበር የምትነዳት። ድምጿ ደግሞ! ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ ነበር የሚመስለው። ከወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ስትደርስ እሰማታለሁ፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ መወርወሪያውን ስስብ አንተ በሩ ላይ ትደርሳለህ። አንድ ቀን ክላክስ ነፍተህብኝ አታውቅም። «የሚስቴ ጆሮ ከውሻው ይበልጣል» እያልህ ለጎረቤት ስትኩራራ እናደድ ነበር፤ ውስጤን ግን ደስ ይለው ነበር።

አሁን የሚነዳት ልጃችን ጌትነት ነው። ድምጿ ከመታጠፊያው ሲመጣ እግሬ በራሱ ይነሳል። ሞተህ መቀበርህን እያወቅሁ፣ አላምረው፣ እያወቅሁ ነጠላዬን አነሳለሁ። በሩን ስከፍት ጌትነት ነው።

እንግዲህ ከመስቀል ወዲህ ይህ ልጅ ማርሚታዋን ካልቀየርሁ አለ። ከሥሯ የተጋደመውን፣ ጭሱ የሚወጣበትንና ድምፁን የሚያፍነውን ማለቱ ነው። ተበላሽቷል ወይ? አልተበላሸም። ታዲያ ምን ሆነ ብለው፣ «ስፖርት ነው እማዬ፣ አሁን ሁሉም ይቀይራል» አለና ዓይኑን ወደ አቮካዶዋ መለሰ። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ ዛፍ ያያል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መጀመሪያ ሊሸጣት ነው አልሁ። ትርንጎም «ሊሸጡ ሲሉ ነው የሚኳኩሏት» ብላ አራገበችው። ቆይቼ ደግሞ ቡሬ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች አልሁ፤ ወጣት ወንድ ድምፅ የሚያበዛው ለሰሚ ነው። ከዚያ የባሰው መጣ። ማምሻውን በእግሩ መግባት ጀመረ። መኪናዋስ ስለው፣ «አስፓልቱ ዳር ጓደኛዬ ግቢ አቁሜያት መጣሁ» ይለኛል። የራሳችን ግቢ እያለ! ሄጄ አየኋት። እውነትም ቆማለች። በመስኮቷ አጮልቄ ውስጧን አየሁ፤ የሴት ሻርፕ የለ፣ የተጫነ ዕቃ የለ። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። የተደበቀ ነገር ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ላይ የድሮ ባልደረባህ የነበረ አንድ ሹፌር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከፋብሪካው የመጣው ማርሚታ ሆዱ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ ውድ ማዕድን ያለበት ነገር አለው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ አንዳንድ ጋራዥ ልጆችን በአዲስ ድምፅ እያማለለ አሮጌውን ያስቀራል አለኝ። በቃ፣ ነገሩ ተገለጠልኝ አልሁ። ያንተን ድምፅ ሊነጥቁኝ ነው። ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ፣ ጋቢህም ሳጥን ውስጥ አለ፤ እየተንቀሳቀሰ ወደ ቤቴ የሚመጣልኝ ግን ያ ድምፅ ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ቅዳሜ ለት ከጎኑ ተቀመጥሁና አብሬው ጋራዡ ወዳለበት ቡሬ ሄድሁ። መንገዱ ዳር በርበሬው ተሰጥቶ ቀልቷል። አንተ እዚያ ስትደርስ መስኮት ዝጊ እያልህ፣ የራስህን ሳትዘጋ የምታስነጥሰው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ጌትነትም መስኮቱን ሲዘጋ አየሁት።

ሙሉቀን የሚሉት መካኒክ ሸራ ላይ ሦስት ማርሚታ አጋድሞ ጠበቀን። እጁን በጨርቅ ጠርጎ «እናታችን፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ጎንበስ ሲል ትሕትናውን ራሱ ጠረጠርሁት። አንዱ ባዶ ቱቦ ነው። ድምፁን በስልኩ ሲያሰማኝ ጆሮዬን ያዝሁ፤ በዚህ ዘመን እንዲህ እያጓራ በየኬላው የሚያልፍ ልጅ የለኝም አልሁት። ሁለተኛው ቁልፍ አለው፤ ሲከፍቱት ይጮኻል፣ ሲዘጉት ልክ እንደ ፋብሪካው ይሆናል። ሦስተኛው አይጮኽም፣ ድምፁ ወፈር ያለ ነው። እኔም ገበያ ላይ እንስራ እንደምመርጠው ጎንበስ ብዬ ሁሉንም በጣቴ አንኳኳኋቸው፤ ስንጥቅ ካለው ይታወቃል ብዬ። መካኒኩ ሳቁን ዋጠ።

ለእኔ ባለቁልፉ ተመቸኝ። ውጭ ያሻውን ይጩኽበት፣ ሰፈር ሲደርስ ይዝጋውና ያንተን ድምፅ ይዞልኝ ይግባ። ዕዳው ገብስ ነው አልሁ። ጌትነት ግን እንቢ አለ። ሙሉቀን ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረና፣ «እናታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅዎ አልገባኝም። ሰው የሚያምር ድምፅ አምጣ ይለኛል። እሱ ግን የድሮውን የማይመስል አምጣ ብቻ ነው የሚለኝ» አለ።

ዞሬ ልጄን አየሁት። እዚያ ጋራዥ ውስጥ የሚያየው ዛፍ አልነበረም።

«እማዬ፣ በሩን ከፍተሽ እኔን ስታዪ ፊትሽ የሚሆነውን አንቺ አታዪውም» አለኝ። «በየማታው አባዬን እንደ አዲስ ትቀብሪዋለሽ። በእግሬ ብመጣ ይሻላል ብዬ ነበር።»

ምን ልበልህ አላምረው። ሊሸጥ ነው፣ ሊያታልለኝ ነው ያልሁት ልጅ ደክሞት ሲገባ አንድ ቀን እንኳ «እሰይ፣ ልጄ መጣ» የሚል ፊት አላገኘም። እዚያው የወደቀ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠረግሁና ወፍራሙን፣ ሦስተኛውን፣ እኔው መረጥሁለት። አሮጌውን ግን ሙሉቀን ወደ ጓዳ ሊያስገባው ሲል ደርሼ ነጠቅሁት። ንጹሕ ሰው ይመስላል፤ ቢሆንም። አሁን በሰሌን ተጠቅልሎ ጎተራው ሥር ተኝቷል።

በማግስቱ ማምሻውን ምስር እየለቀምሁ ሳለ አንድ ወፍራም ድምፅ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሮ መጣ። ይኼ ደግሞ የማን ነው አልሁና ለቀማዬን ቀጠልሁ። እግሬ አልተነሳም። ወዲያው በራችን ላይ ክላክስ ጮኸ። ደንግጬ ሮጥሁ። ጌትነት መሆኑን አውቄ፣ ለጌትነት ብዬ ከፈትሁ። «ጆሮሽ ደከመ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም ሰድቤው ሳምሁት።

እንግዲህ ካሁን ወዲያ በር ላይ አልጠብቅህምና አትቀየመኝ። በዝክርህ አስብሃለሁ፣ በበርበሬው መንገድ ባለፍሁ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ቃሌ ነው። ልጅህ ክላክሱን ይንፋ፤ እግዜር ሲፈቅድ የልጅ ልጆችህም መጥተው ይንፉ። ሳይነፋ በር የሚከፈትለት ሰው ግን በዚህ ቤት አንተ ብቻ ነበርህ፤ ሌላ አይኖርም።

ባለቤትህ ውድነሽ