ጽጌረዳ ሥር የተደፋው የባሕር ጭቃ

ጥር 13
ጥምቀት አለፈ፤ ከተማው ገና አልተጠረገም። ከቀሐ ወንዝ ጀምሮ የሸንኮራ ልጣጭ እየረገጥኩ ኮሌጅ ገባሁ።

አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። «ዶክተር የትነበርሽ፣ ባሕር ለሌለው አገር የባሕር ጂኦሎጂ ምን ያደርግለታል?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺው ጥያቄ! መልሴም ያው ነው፦ የሰሜን ተራሮች አፈር በክረምት ታጥቦ፣ በተከዜ፣ በአትባራ፣ በዓባይ አድርጎ ሜዲትራኒያን ወለል ላይ ይተኛል። እኔ ከዚያ ወለል በቱቦ ያወጣሁት ጭቃ ምድር ቤት፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አለ። ሃያ ሦስት ቱቦ። ላይ ላዩ የቅርብ ጊዜ፣ ሥሩ የሠላሳ ሺህ ዓመት። መቼ ዘነበልን፣ መቼ ደረቅን... እሱ ላይ ይነበባል።

የገባቸው አይመስለኝም። አንዷ ሰዓቷን ታይ ነበር።

ጥር 21
ኢዮስያስ ጠራኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ... ማይክሮስኮፕ አያያዝ ያሳየሁት ልጅ! «ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጡ የለ? ምድር ቤቱ ለኮምፒውተር ክፍል ተፈልጓል።»

ጭቃውስ?

«ንብረት ክፍልን ያነጋግሩ።»

ለበዓል ንግግር ሲሆን «የአገራችን የመጀመሪያዋ የባሕር ጂኦሎጂስት» ነኝ። ለቦታ ሲሆን ንብረት ክፍል! «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ምን ነካኝ?

ጥር 22
የንብረት ክፍሉ ምንይችል መዝገቡን ገለባበጠ። «ሞዴል 19 የለውም።» ገቢ የሆነበት ደረሰኝ የለውም ማለቱ ነው። ደረሰኝ ከሌለው ንብረት አይደለም፤ ንብረት ካልሆነ አይጠበቅም። ወንበሬ ሞዴል 19 አለው። የቆሻሻ ቅርጫቴም አለው። ሠላሳ ሺህ ዓመት ግን የለውም!

«ማመልከቻ ያስገቡ፣ ኮሚቴው ያየዋል።» አስገባሁ።

የካቲት 6
አይከል ከተማ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ምድር ቤቱ ተበርግዷል። ስድስት ቱቦ ባዶ! የቧንቧ ሠራተኞች ቱቦውን ለፍሳሽ ፈልገውት ጭቃውን ደፍተውታል። የት? ኢዮስያስ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ጽጌረዳው ሥር! «ጥቁር አፈር ነው፣ ለአበባ ሸጋ ነው ብለን እኮ ነው» አለኝ አንዱ። በቅንነት! ጨው ነው የደፋችሁበት፣ አበባውም ይደርቃል ብዬ ስነግረው ደነገጠ። እሱን ምን እላለሁ? ያዘዘው ማን ነው?

ተንበርክኬ በማንኪያ ልሰበስብ ሞከርኩ። ምኑን? አንዴ ከተደባለቀ በኋላ የትኛው ዘመን ከየትኛው ይለያል? ኢዮስያስ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «አይዞዎት ዶክተር፣ አሥራ ሰባት ይቀርዎት የለ!»

አይዞዎት! ቤተ መጻሕፍቱን አቃጥሎ የቀረውን መደርደሪያ ያሳየኛል።

ይህንንም ዋጥኩት። ይህን ጭቃ ያወጣንበት መርከብ ላይ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ አርባ ቀን ጭቃ ስቆርጥ ከረምኩ፤ ጥናቱ ሲታተም ስሜ የት ተገኘ? ምስጋናው ውስጥ፣ ከወጥ ሠሪው ቀጥሎ። ያኔም ዋጥኩት። ጨዋ አይደለሁ! ጨዋነት ይሄ ከሆነ ገደል ይግባ።

የካቲት 7
አያ ነጋ፣ የግቢው ዘበኛ፣ ትናንት ስንበረከክ አይተውኛል። «ምነው ዶክተር፣ ለጭቃ እንዲህ መሆን?» ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ከተከዜ እስከ ባሕሩ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ታዲያ ምን ይፈልጋል?»

ብርድና ጨለማ።

«ኮሶዬ የድንች መጋዘን አለኝ እኮ!»

በብርድማ ኮሶዬ አይታማም።

የካቲት 15
አሥራ ሰባቱን አይሱዙ ላይ ጫንን። ምንይችል በሩ ላይ የመውጫ ወረቀት ጠየቀኝ። «ንብረት አይደለም ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አልኩት። ራሱን አከከና በሩን አስከፈተ።

ኮሶዬ ደርሰን ድንቹን ወደ አንድ ጎን ገፋነው። አያ ነጋ አንዱን እንድከፍትላቸው ለመኑኝ። ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«የአያቴ ማሳ የቱ ጋ ነው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ግብፅ ውስጥ ትልቁ ግድብ ተሠርቶ አፈራችንን ከማገዱ በፊት የተኛውን ስስ ንጣፍ በጥፍሬ ጫፍ አሳየኋቸው። ከዚያ ተቆጡ። «ይህን ሁሉ አፈር ስንለቅ ምነው አንድ የሚነግረን ጠፋ!»

ደስ አለኝ። አብሮኝ የሚናደድ ሰው አገኘሁ።

ሚያዝያ 24
ጭቃው የት እንደገባ የውጭ ተመራማሪዎች ኮሌጁን ጠይቀው ኖሯል። ኢዮስያስ ሦስቱን በኮሌጁ መኪና ይዞ፣ እኔና አያ ነጋ ቱቦዎቹን ልናይ ወደ ሄድንበት ኮሶዬ መጣ። መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፦ «ይህ ተቋማችን ለዓመታት ጠብቆ ያቆየው ሀብት ነው።»

አያ ነጋ ቁልፉን ጨብጠው ወደ እኔ አዩ።

ያ ልማዴ መጣ። ደግሞ ልውጠው?

«ውሸት ነው» አልኩ። በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ስለ ስድስቱ ነገርኳቸው፣ የት እንደተደፉ፣ ምን ዓይነት አፈር ነው ተብሎ እንደተደፉ። አንዷ እንግዳ አፏን በእጇ ያዘች።

ኢዮስያስ ጠጋ አለኝ። «ዶክተር፣ ኧረ እንግዳ ፊት...»

«እንግዳ ፊት ነው እንጂ! ለብቻችን ስንሆንማ ስንቱን ዋጥኩልህ!»

ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ፤ በግ የሚነዳ ሰውዬ ቆሞ አየን። ይሰማ። ለእንግዶቹ እንዲህ አልኳቸው፦ ማየት የሚፈልግ እዚሁ ያያል። ከዚህ ጭቃ የሚወጣ ጽሑፍ ላይ ስሜ መጀመሪያ ይሆናል። ይህ ተጽፎ ሳይፈረም በሩ አይከፈትም።

ሽማግሌው ተመራማሪ ወረቀት አወጣ። መኪናው ላይ አስደግፎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሁለቱም ፈረሙ። አያ ነጋ በሩን ከፈቱ። ኢዮስያስ መኪና ውስጥ ገብቶ ጠበቀ።

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ንዴቴን ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። ንዴቱን ፈለግሁት፣ የለም። ሁሉን እዚያው በአፌ ተናግሬዋለሁ።