አራተኛው ቸርኬ

ውድ ወንድምዓለም፤

እንደምትቆጣ ስለማውቅ ከቁጣው ልጀምርልህ፤ ቸርኬዎችህን ከመኪናዋ ላይ አስወልቄያቸዋለሁ። አራቱንም። አልሸጥኳቸውም፣ ለማንም አላዋስኳቸውም። አሁን ቁጭ በልና ቀሪውን አንብብ።

በስልክ ብዙ ነገር ልነግርህ አልቻልኩም። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዋን አቁማ እየሰማች ምን ልበልህ? ከወደቀች በኋላ የተጠገነው ዳሌዋ ደህና ይዟል። ሐኪሟ ግን እግሯ በእንቅስቃሴ ካልተፍታታ እንደ ድሮው ቆማ መሄዷን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ ዳገቱ አናት ላይ ወዳለው ሕክምና እወስዳታለሁ። አንተ ስትሄድ ቁልፉን ሰጥተኸኝ «መኪናዋን አደራ» አልከኝ እንጂ እማዬን አደራ አላልክም። እሷ ራሷ እኔን እንደምትጠብቅ አንተ ስለምታውቅ ነው መሰለኝ።

እነዚያን ትልልቅ ቸርኬዎች የገጠምክ ቀን ትዝ ይልሃል? የድሮዎቹን ትንንሽ ጎማዎች «የሕፃን ጫማ» ብለህ ዕቃ ቤት ወረወርካቸው። እማዬ ደግሞ የአንተን ቸርኬ ቅዳሜ ቅዳሜ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ማጠብ ጀመረች። ከሄድክ በኋላም እስክትወድቅ ድረስ አልተወችም። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባት ነበር፤ እኔም ጭምር።

ዳገቱ ላይ ግን መኪናህ ጉድ ሠራችኝ። ሁለተኛ ማርሽ አይበቃት፣ አንደኛ ሳስገባ ታጓራለች፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ያቀልጠዋል። እማዬ ዳሽቦርዱን እየደባበሰች «አይዞሽ፣ ትወጪዋለሽ» ትላታለች። ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ጉድጓድ በነካን ቁጥር ምቱ ቀጥታ ወንበሩ ላይ ይመጣል። እሷ የበሩን እጀታ ጨብጣ ታንጎራጉራለች። እኔም ደስ ብሏት መሰለኝ።

ከዚያ እማዬ ከሕክምናው መቅረት አመጣች። አንድ ቀን «ራሴን አሞኛል»፣ ሌላ ቀን «እንግዳ ሊመጣብኝ ነው»። እግሯ ተመልሶ መድረቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ብስጭት ብዬ «መዳን አትፈልጊም እንዴ?» አልኳት።

«መንገዱ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል።»

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም?»

«ልጄ የገጠመውን ጎማ አውልቂ ልበልሽ? ሲመጣ እንደተወው ያግኘው እንጂ!»

እኔ ደግሞ እሷ የምትወደውን ቸርኬ ባስወልቅ ይከፋታል ብዬ ክንዴ እስኪዝል ከመሪው ጋር ስታገል ከርሜያለሁ። ሁለታችንም ይሉኝታ ይዞን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእማዬ እግር ግን በዝምታችን ሊነቅዝ ነበር።

ወደ ጎማ ቤት ሄድኩ። ጎማ ጠጋኙ «ዝምታ» አሁንም አለ፤ ወሬው ስለማያልቅ ራስህ በቀልድ ያወጣህለት ስም አብሮት አርጅቷል። መጀመሪያ ለአንተ ጠበቃ ቆመ፤ «ወንድምሽ አልተሳሳተም። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ኩርባ ስትዞሪ መሬቱን ነክሳ ነው የምትይዘው። እዚህ ግን ዳገትና ጉድጓድ ነው ያለው» አለ። ከዚያ ውሃ የሞላ ባልዲ አሸከመኝ። ደረቴ ላይ አቅፌ ስይዘው ቀላል ነበር። «አሁን እጅሽን ዘርግተሽ ያዢው» አለኝ፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«አየሽ? ባልዲው ያው ነው። ክብደት ከመሃል ሲርቅ ለማስነሳትም ለማቆምም ያስቸግራል። ሞተርሽ እጁን ዘርግቶ ተሸክሞ ነው ዳገት የሚወጣው። ጎማው ደግሞ ትልቅ ሆኗል፤ አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል። እርምጃውን አስረዝሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ቶሎ አይደክመውም?»

የፍጥነት መርፌውም በዚያው ምክንያት አሳንሶ እንደሚያሳይ ነገረኝ። ለካ ያ «ከፍጥነት በላይ ነድተሻል» ሲለኝ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት ትራፊክ ፖሊስ ልክ ነበር!

የሕፃን ጫማዎቹን ከነአቧራቸው አምጥቼ አስገጠምኩ። በማግስቱ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው። የእማዬ ድምፅ ሲጠፋብኝ ደንግጬ ዞር ብል አፏን ከፍታ ተኝታለች። ልቀሰቅሳት አልጨከንኩም፤ ሰፈሩን ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ፤ አርፍደን ገብተን ሐኪሙ ገላመጠኝ። ወንድሜ፣ መሪውን ይዤ እያለቀስኩ ነበር የምነዳው።

ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የልጄን የት አደረግሻቸው?» ነበር። አስቤበት ነበር። የግቢው ግድግዳ ላይ ወፋፍራም ሚስማር መትቼ ሰቅያቸዋለሁ፤ አንዱን በወገቧ ልክ፣ አንዱን በደረቷ፣ አንዱን በትከሻዋ፣ አራተኛውን ደግሞ ከራሷ በላይ።

ቅዳሜ ብሩሿን ይዛ በምርኩዝ ወጣች። «ማነው ብልጡ እዚህ የሰቀለው? አውርጂልኝ!»

«ወገቤን ይዞኛል፣ እማዬ።»

«ውሸታም!» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቆማ ማጠብ ጀመረች።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትንሽ ከፍ ትላለች። ሐኪሙ እግሯ ተፍታታ ብሎ ይደነቃል፤ እኔ ምስጢሩን አልነገርኩትም። ዛሬ ጠዋት ምርኩዟን ጥላ፣ በእግር ጣቶቿ ተንጠራርታ አራተኛው ላይ ደረሰች። የታችኛውን ግማሽ አጠበችው። ላግዛት ብጠጋ በብሩሹ እጄን መታችኝ።

«ተይው! የላዩን እሱ ይጠበው። ያን ቁመት ምን ሊያደርግለት ሰጠሁት?»

ስትመጣ መልሰህ ትገጥማቸዋለህ፤ ለጥ ባለው መንገድ እኔን ብቻ ይዘኸኝ ትሄዳለህ። እስከዚያው ሦስቱ ያብረቀርቃሉ። አራተኛው ግን ግማሹ አቧራ ነው፤ እማዬም ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ናልን።

ከአንደኛ ማርሽ የተገላገለችው እህትህ